ዋናው ቅጂ የት ነው ያለው? ከእናታችን ሐፍሳ (ረ.ዐ) ቤት እስከ እጃችን ስልክ





ከሰሞኑ አንድ ወንድማችን በውስጥ መስመር አንድ የድምፅ ፋይል ላከልን። የሟች አያቱ ድምፅ ነው። አያቱ ደረሳ ሲያቀሩ ከብዙ ዓመት በፊት በካሴት የተቀዳ፣ አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ደርስ ነው። ወንድማችን ካሴቱን ዘመድ ቤት አግኝቶ ባለሙያ ዘንድ ወስዶት በጥሩ መሣሪያ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጦት ነበር። ፋይሉ የተሰጠው «ፍላክ» በሚባለው ዓይነት ሲሆን ክብደቱ ከ300 ሜጋባይት በላይ ነው። ለቤተሰቡ ሊልከው ሲል ከበደው። ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ በነፃ የሚቀይር ድረ ገጽ አገኘና ጫነው። ጥቂት ቆይቶ 14 ሜጋባይት የሆነ ኤምፒስሪ ወጣለት። «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ለሁሉም ላከ። ስልኩ ሞልቶ ስለነበር ትልቁን ፋይል አጠፋው። ካሴቱም «ከተገለበጠ በኋላ ምን ያደርጋል?» ተብሎ ተጥሏል።

የጻፈልን ነገር ይህ ነው፦ «ድምፁን በደንብ ሳዳምጠው ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። አያቴ ሲተነፍሱ የሚሰማው ነገር ጠፍቷል። መልሳችሁ ወደ ፍላክ ልትቀይሩልኝ ትችላላችሁ?»

መልሳችን ከበደን። አይቻልም። ድረ ገጾቹ «እንቀይራለን» ይላሉ፤ ደግሞም ይቀይራሉ። ፋይሉ እንደገና ይከብዳል፤ የጠፋው ድምፅ ግን አይመለስም። ግማሹ የፈሰሰ ወተት ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ስለተገለበጠ አይሞላም።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ካሴቱ ወይም ትልቁ ፋይል ገና በእጃቸው ላለ ወንድሞችና እህቶች ነው። ጉዳዩ የቴክኖሎጂ ብቻ አይደለም። ዋናውን ጠብቆ ከዋናው ላይ መቅዳት በእኛ ታሪክ ውስጥ ረጅም መንገድ የመጣ አሠራር ነው።

🔹 በሐፍሳ (ረ.ዐ) ቤት የተቀመጠው

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አኺራ ከሄዱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የየማማ ጦርነት ተካሄደ። በዚያ ጦርነት ብዙ የቁርኣን ሐፊዞች ሸሂድ ሆኑ። ዑመር (ረ.ዐ) ይህ አሳስቧቸው ቁርኣን በአንድ እንዲሰበሰብ ለኸሊፋው ለአቡበክር (ረ.ዐ) ሐሳብ አቀረቡ። ሥራው ለዘይድ ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ) ተሰጠ። የተሰበሰበው ጽሑፍ በአቡበክር ዘንድ፣ ከዚያም በዑመር ዘንድ ቆየ። ከዚያ በኋላ በእናታችን በሐፍሳ ቢንት ዑመር (ረ.ዐ) ቤት ተቀመጠ።

በዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን ኢስላም በየአገሩ ተስፋፍቶ በአቀራር ላይ ክርክር ሲነሳ፣ ኸሊፋው ወደ ሐፍሳ ልከው ያንን ጽሑፍ በውሰት አስመጡ። ዘይድና አብረዋቸው የተመደቡት ሰሓቦች ከእርሱ ላይ ቅጂዎች አዘጋጁ። ቅጂዎቹ ወደየአገሩ ተላኩ። ዋናው ጽሑፍ ግን ሥራው ሲያልቅ ወደ ሐፍሳ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የተላከው ቅጂ ነው፤ ዋናው ወደ ቦታው ተመልሷል። ቅጂዎቹም የተቀዱት ከዋናው እንጂ ከቅጂ ቅጂ አይደለም። ቁርኣንን የጠበቀው አላህ (ሱ.ወ) እንደሆነ፣ ጥበቃውም በወረቀት ብቻ ሳይሆን ከአፍ ወደ አፍ፣ ከልብ ወደ ልብ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ንጽጽራችን ከቁርኣን ጋር አይደለም። የምንማረው ከሰሓቦች ጥንቃቄ ነው።

ከእነርሱ በኋላ የመጡ ዑለማዎችም ይህን አሠራር ለኪታብ ተጠቀሙበት። አንድ ደረሳ ኪታብ ገልብጦ ሲጨርስ ሥራው አላለቀም። የገለበጠውን ከተገለበጠበት ጋር ቃል በቃል ያስተያያል። ይህ «ሙቃበላ» ይባላል። ሙቃበላ ያልተደረገበት ቅጂ አይታመንም ነበር።

🔹 የሰም ጥቅል

የሰው ድምፅ ተቀድቶ መልሶ ሊሰማ የቻለው ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1877 ፎኖግራፍን ከሠራ በኋላ ነው። ቁርኣን ሲቀራ የሚያሰሙ ጥንታዊ ቅጂዎች ዛሬ ከሚገኙባቸው ቦታዎች አንዱ መካ ወይም ካይሮ ሳይሆን በሆላንድ አገር የሚገኘው የላይደን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ነው። ክርስቲያን ስኑክ ኸርኽሮንዬ የሚባል ሆላንዳዊ የምሥራቅ አጥኚ ከሒጃዝ ያሰበሰባቸው የሰም ጥቅሎች እዚያ ይገኛሉ።

በማኅበራዊ ሚዲያ አንዱን ቅጂ «በ1885 የተቀዳ የመጀመሪያው ቁርኣን» እያሉ ሲያጋሩት አይታችሁ ይሆናል። 1885 ሰውዬው ራሱ መካ የነበረበት ዓመት ነው። ጥቅሎቹ የተቀዱት ግን ከዚያ ሃያ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። አንድን ነገር ሼር ከማድረጋችን በፊት ማጣራት አለብንና ይህን ማለት ወደድን።

የሰም ጥቅል ባሕርይ አለው። በተሰማ ቁጥር መርፌው ሰሙን ይፍቀዋል፤ እየተሰማ ያልቃል። ዛሬ እነዚያን ድምፆች ልንሰማ የቻልነው ጥቅሎቹ ሳይጣሉ ስለቆዩና የዘመኑ መሣሪያ ሲመጣ እንደገና ከዋናው ላይ ስለተገለበጡ ነው። ሰውዬው ለቅኝ ገዢ መንግሥት የሠራ ስለነበር በዓላማው ላይ ብዙ ማለት ይቻላል። ግን የእኛ ሰዎች ድምፅ በሌሎች መደርደሪያ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ተጠብቆ፣ የራሳችን አያቶች ድምፅ ከስልካችን ሲጠፋ ትንሽ ሊያሳፍረን ይገባል።

🔹 ካይሮ፦ ከፋቲሓ እስከ ናስ

እ.ኤ.አ. በ1959 ለቢብ አስ-ሰዒድ የሚባሉ ግብፃዊ አንድ ሐሳብ ይዘው ተነሡ። ቁርኣን በአቡበክር ዘመን በጽሑፍ እንደተሰበሰበ ሁሉ በድምፅም ይሰበሰብ አሉ። ሥጋታቸው የአቀራር ዘዴዎችን በትክክል የሚያውቁ ሊቃውንት እያለፉ መሄዳቸው ነበር። ሙስሐፍ ላይ የተጻፈ ፊደል አንድ ሐርፍ ከየት እንደሚወጣ፣ መዱ ምን ያህል እንደሚረዝም ማሳየት አይችልም። ያ በጆሮ ብቻ የሚወረስ ነው።

ለሥራው የተመረጡት ሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ (አላህ ይዘንላቸው) ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1917 በጠንጣ ከተማ አቅራቢያ የተወለዱት ሸይኽ፣ በግብፅ ሬዲዮ ስመ ጥር ከሆኑ ቃሪኦች አንዱ ነበሩ። በሐፍስ ሪዋያ ከፋቲሓ እስከ ናስ ቀርተው እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራው ተጠናቅቆ በሸክላ ታተመ። በታሪክ የመጀመሪያው ሙሉ የቁርኣን የድምፅ ቅጂ ይህ ነው። በ1964 የካይሮ የቁርኣን ሬዲዮ ሲከፈት የሑሰሪ ድምፅ በአየር ሞገድ ድንበር ተሻገረ። ሸይኹ እ.ኤ.አ. በ1980 ቢሞቱም ድምፃቸው ዛሬም ሕፃናትን ያስቀራል።

እስኪ መንገዱን እንመልከተው። ከስቱዲዮ ቴፕ ወደ ሸክላ፣ ወደ ካሴት፣ ወደ ሲዲ፣ ወደ ኤምፒስሪ፣ ከዚያም ወደ ስልካችን። የመጀመሪያው ቴፕ በጥንቃቄ ባይሠራ ኖሮ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ጉድለት ይወርስ ነበር።

🔹 የካሴት ዘመን

ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ ትንሿን ካሴት እ.ኤ.አ. በ1963 አስተዋወቀ። ካሴት ርካሽ ነው፤ ኪስ ይገባል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንም ሰው በቤቱ መቅዳት ይችላል። በአገራችን ይህ ትልቅ በር ከፈተ። ቂርኣት፣ ዳዕዋ፣ የኪታብ ደርስ፣ እንደ ሸይኽ ሙሐመድ አወል ሐምዛ ያሉ ሰዎች መንዙማ፣ ሁሉም በካሴት ከከተማ ወደ ገጠር፣ ከገጠር ወደ ከተማ ተዘዋወረ። መርካቶ አንዋር መስጊድ አካባቢ ከካሴት ቤቶች ይወጣ የነበረውን ድምፅ ታላላቆቻችን ያስታውሱታል።

ነገር ግን ያኔም ቢሆን ሰው አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ ከካሴት ላይ የተቀዳ ካሴት እንደ መጀመሪያው አይሆንም። ሹክሹክታው ይጨምራል፤ ድምፁ ይደበዝዛል። አምስተኛው ቅጂ ላይ ሸይኹ ከነፋስ ውስጥ የሚናገሩ ይመስላሉ። ለዚህ ነው «ዋናው ማን ጋ ነው?» ተብሎ ይጠየቅ የነበረው። ያ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነበር። ዲጂታል ሲመጣ መጠየቅ አቆምን፤ ምክንያቱም ፋይል ሲገለበጥ አይደበዝዝም። እውነት ነው፤ ሲገለበጥ አይደበዝዝም። ሲቀየር ግን ሊደበዝዝ ይችላል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

🔹 ኤምፒስሪ ምን ይጥላል?

እ.ኤ.አ. በ1982 የመጣው ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ለክቶ በቁጥር ይመዘግባል። በዚህ ልኬት በሁለት መስመር የተቀዳ አንድ ሰዓት ድምፅ 635 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በዚያን ጊዜ በነበረው የስልክ መስመርና ኮምፒውተር ይህን መላክ የማይታሰብ ነበር።

በጀርመን አገር ኤርላንገን ከተማ በፍራውንሆፈር ተቋም የነበሩት ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግና ባልደረቦቹ መፍትሔ ፈለጉ። የተነሡት የሰው ጆሮ ሁሉንም ነገር እንደማይሰማ ከሚገልጸው እውቀት ነው። ወፍጮ ቤት ውስጥ ቆማችሁ አጠገባችሁ ያለ ሰው ቢያንሾካሹክ አትሰሙትም። ድምፁ አለ፤ ግን ተሸፍኗል። እንግዲያው የተሸፈነውን ብንጥለው ማን ያውቃል? ኤምፒስሪ የሚሠራው በዚህ ሐሳብ ነው። ጆሮ አይሰማውም ብሎ የሚገምተውን ይጥላል፤ የቀረውን ይጨምቃል። ደረጃው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ታተመ፤ ስሙም በ1995 ተወሰነ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ብራንደንቡርግ ሥራውን ከፈተነባቸው ቅጂዎች አንዱ አሜሪካዊቷ ሱዛን ቬጋ ያለ ምንም የሙዚቃ መሣሪያ ያዜመችው ነበር። በመጀመሪያው ሙከራ ድምፁ እጅግ ተበላሽቶ ወጣ። ምክንያቱም ብቻውን የሚሰማ የሰው ድምፅ ስሕተትን የሚሸፍንለት ነገር የለውም። ከበሮና ጊታር ቢኖር ጉድለቱ ይደበቅ ነበር። ባዶ ድምፅ ግን አያስደብቅም። ሥራውን ብዙ ጊዜ ማሻሻል ነበረባቸው።

እኛ የምንወደው ድምፅ ደግሞ ምን ዓይነት ነው? ቂርኣት ብቻውን የሚሰማ የሰው ድምፅ ነው። ደርስም፣ አዛንም እንዲሁ። በአያዎች መካከል ያለው ዝምታ፣ የቃሪው ትንፋሽ፣ የመስጊዱ ማስተጋባት፣ ሁሉም ይሰማል። ተጅዊድ የተማራችሁ ሶፊርንና ሀምስን ታውቃላችሁ። የሲን ፉጨት፣ የሣእና የፋእ ስስ ትንፋሽ በአብዛኛው የሚገኙት በከፍተኛው የድምፅ ክፍል ነው። ኤምፒስሪ በጣም ሲጨመቅ ቀድሞ የሚቆርጠው ደግሞ ያንን ክፍል ነው። ወንድማችን የአያቱን ትንፋሽ ያጣው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ሰዓት ድምፅ 14 ሜጋባይት ከሆነ፣ በሰከንድ 32 ኪሎቢት ብቻ ቀርቷል ማለት ነው፤ ሲዲው ግን 1,411 ነበር።

ፍትሐዊ እንሁን። ኤምፒስሪ ጠላት አይደለም። ሙሉ ቁርኣን በትንሽ ሚሞሪ ካርድ ታክሲ ውስጥ፣ ሱቅ ውስጥ፣ የእናቶቻችን ጓዳ ድረስ እንዲገባ ያደረገው እርሱ ነው። በበቂ መጠን ከተሠራ ብዙ ሰው ከሲዲው አይለየውም። ችግሩ ኤምፒስሪ መሥራታችን አይደለም። ችግሩ ኤምፒስሪውን ዋና ማድረጋችን ነው።

🔹 ፍላክ፦ ታጥፎ የሚዘረጋው

ጆሽ ኮልሰን የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2001 የፍላክን የመጀመሪያ ሙሉ እትም ለሁሉም ሰው በነፃ አወጣ። አሠራሩ ሌላ ነው። ጋቢ ሣጥን ውስጥ ሲገባ ይታጠፋል፤ ሲወጣ ሲዘረጋ ያው ጋቢ ነው፤ አንድ ክር አልጎደለም። ፍላክ እንደዚያ ነው፤ ያጥፋል እንጂ አይቆርጥም። ስለዚህም መጠኑ በጣም አያንስም፤ ብዙውን ጊዜ ከዋናው ግማሽ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ይሆናል። ኤምፒስሪ ግን ጋቢው ሣጥኑ እንዲበቃው ጥለቱን ቆርጦ ይጥላል። ተመልሶ ሲዘረጋ ጥለት የለም።

ደስ የሚለን ሌላ ነገር አለ። የፍላክ ፋይል የዋናውን ድምፅ የቁጥር አሻራ በውስጡ ይይዛል። ከዓመታት በኋላ ፕሮግራሙ ፋይሉን ዘርግቶ ድምፁ ከአሻራው ጋር ይስማማ እንደሆነ ማረጋገጥ ይችላል። ሙቃበላ ማለት ይህ አይደለምን? ሱብሓነላህ!

🔹 ድረ ገጹ ላይ «ቀይር» ስንል ምን ይሆናል?

ፋይላችን ከስልካችን ተነሥቶ ወደማናውቀው ሰው ሰርቨር ይሄዳል። እዚያ ያለ ፕሮግራም ፍላኩን ይዘረጋዋል፤ ከዚያ እንደ ኤምፒስሪ ይጨምቀዋል፤ እኛም ትንሹን እናወርዳለን። ስለዚህ ሦስት ነገር እናስብ።

አንደኛ፣ አማና ነው። የቤተሰብ ጉዳይ፣ የእናትና የእህት ድምፅ፣ የግል ምክር ያለበትን ቅጂ ለማናውቀው ሰርቨር መስጠት ተገቢ አይደለም። «ፋይሉን እናጠፋለን» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኛ ግን የምናረጋግጥበት መንገድ የለንም።

ሁለተኛ፣ መጠኑን የሚመርጠው ማነው? ካልነካነው ድረ ገጹ ራሱ ይመርጥልናል። «ቢትሬት» የሚለውን ከፍተን ማየት አለብን። ለአንድ ሰው ንግግር በአንድ መስመር 96 ወይም 128 ኪሎቢት በቂ ነው፤ ለቂርኣት 192 ቢሆን እንመርጣለን። 32 ግን ለማንም አንመክርም።

ሦስተኛ፣ ድረ ገጹ የግድ አይደለም። ኦዳሲቲ እና ቪኤልሲ የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች በኮምፒውተር ላይ ያለ ኢንተርኔት ይቀይራሉ። ፋይሉ ከቤት አይወጣም፤ 300 ሜጋባይት ለመጫንም ካርድ አይሞላም።

🔹 እንግዲህ ምን እናድርግ?

ካሴት ካላችሁ ሲገለበጥ በዌቭ ወይም በፍላክ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ካሴቱንም አትጣሉ፤ ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከስፒከር ማግኔት አርቃችሁ አስቀምጡት። ነገ የተሻለ ማጫወቻ ሊገኝ ይችላልና።

ትልቁን ፋይል ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከቤት ውጭ፣ ታማኝ ዘመድ ጋ ይሁን። ለሰው የምትልኩትን ኤምፒስሪ ከእርሱ ላይ ሥሩ። ሌላ መጠን ሲያስፈልግ እንደገና ወደ ዋናው ተመለሱ፤ ኤምፒስሪን ወደ ሌላ ኤምፒስሪ አትቀይሩ፤ በየዙሩ ሌላ ነገር ይጠፋልና። በቴሌግራም ስትልኩ ድምፁን ከስፒከር ላይ በድምፅ መልእክት ደግማችሁ አትቅዱት፤ እንደ ፋይል ላኩት።

ስሙንም ጻፉበት። ማን ናቸው? የት መስጊድ? የትኛው ኪታብ? በስንት ዓ.ም? ማን ቀዳው? «ኦዲዮ 0047» የሚባል ፋይል ኢስናድ የሌለው ወሬ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ልጆቻችን ድምፁን ሰምተው «እኚህ ማን ናቸው?» እንዳይሉ።

ወንድማችን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ከአያቱ ደረሶች አንዱ ያኔ የራሱን ካሴት ቀድቶ እንደነበር ሰምቷል፤ አሁን እርሱን እያፈላለገ ነው። ቢያገኘው አላህ ይግራለት፤ ባያገኘውም በእጁ ያለው 14 ሜጋባይት አሁን ዋናው ሆኗልና እርሱን ይጠብቀው ብለነዋል።

እናንተስ? ዛሬ ቤት ስትገቡ ቁም ሣጥኑን ክፈቱ። ካሴት ካለ አውጡት። ስልካችሁ ሞልቶ አንድ ከባድ ፋይል ልታጠፉ ስትሉ ደግሞ ጣታችሁን ከመጫናችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ዋናው ቅጂ የት ነው ያለው?

አላህ ያለፉትን ዑለማዎቻችንንና አያቶቻችንን ይማርልን። የተዉልንንም አማና ጠባቂ ያድርገን። አሚን!

ወላሁ አዕለም።

ለሚጠቅማቸው ሁሉ ሼር በማድረግ አድርሱልን።